ለናሙና የተመረጠው

ሰኔ 1፣ እሑድ

ዕቃው ደረቅ ወደብ ገባ። የጉምሩኩ ፈታሽ ዓደን ነው ደውሎ የነገረኝ። እሑድ መሆኑን ረስቶ ነው ወይስ እኔ ማወቅ እንደምቸኩል ገብቶት? ለማንኛውም ደስ ብሎኛል። ዕቃው የእጅ መነጋገሪያ ሬድዮ ነው፤ አዴ ካልቱን የምትመራው የወንዝ ዳር ነዋሪዎች ማኅበር አዝዞ፣ ወንድሜ ዘርዓብሩክ በጅቡቲ በኩል ያስመጣው።

የደቻቱን ወንዝ ጠባይ የድሬ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እዚህ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ አሸዋው እግር እያቃጠለ፣ ደንገጎ ተራራ ላይ የዘነበው ውሃ ሳይታሰብ ከች ይላል። ስልክ አለ እንዳይባል፣ ተራራው ላይ ሲዘንብ መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርኩም ተከትሎት ይሄዳል። ስለዚህ አንዱ ሬድዮ ከላይ ይቀመጣል፣ ሌሎቹ በየሰፈሩ። የላይኛው «መጣ!» ሲል የታችኛው ልጆቹን ይዞ ይወጣል። ነገሩ ይኸው ነው፤ ግን ክረምቱ ሳይከር መድረስ አለበት።

ወንድሜን ጋሼ ነው የምለው። ጋሼ ያስመጣል፣ እኔ አስፈቅዳለሁ። የመገናኛ መሣሪያ እንደ ሸሚዝ ዝም ብሎ አይገባም። አስቀድሞ አንድ ናሙና አዲስ አበባ ሄዶ ይፈተሻል፤ ካለፈ ለዚያ ዓይነት ዕቃ ፈቃድ ይሰጣል። ሚያዝያ ላይ ናሙናውን ይዤ የሄድኩት እኔው ነኝ። ጋሼ በገዛ እጁ አሽጎ ሰጠኝ፣ እኔም አውሮፕላን ላይ እንደ ሕፃን ጭኔ ላይ አድርጌ ወሰድኩት። ኤርፖርት የፈተሸችኝ ልጅ ቻርጀሩን በእጇ መዝና «ይሄ ደግሞ ድንጋይ ነው?» ስትል አስታውሳለሁ።

የሚፈትሸው መሥሪያ ቤት ውስጥ የተቀበለችኝ ኢንጂነር ስምረት ትባላለች። ጥያቄ ሳበዛባት አልተቆጣችም። አየሩ እንደ ቦታ ተሸንሽኖ ባለቤት ባለቤት እንዳለው የነገረችኝ እሷ ናት፤ ይሄ ለአውሮፕላን፣ ያ ለአምቡላንስ፣ ያኛው ለሬድዮ ጣቢያ። ከዚያ ወዲህ ባዶ ሰማይ ሳይ ባዶ አይመስለኝም።

ሰኔ 4

በችኮላ ነው የምጽፈው። ፍተሻው አለቀ። ዓደን ካርቶን ከፈተ፣ ከፈቃዱ ፎቶ ጋር አስተያየ። ሬድዮው ያው። ቀለሙ ያው። ቻርጀሩም መልኩ ያው።

አንድ ቻርጀር አነሳሁ። ቀለለኝ። ሌላም አነሳሁ።

«ምን ሆንሽ ፍቅርአዲስ?»

«ምንም።»

ዓደን ፈረመ፣ ዕቃው ወደ ጋሼ መጋዘን ሄደ። ለምን «ምንም» አልኩ? ምንም ስላልሆነ ይሆናል።

ሰኔ 5

ጋሼን ጠየቅሁት። ቻርጀሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለትና «የሚያዝያው ይከብድ ነበር፣ ይሄ ቀላል ነው» አልኩት።

«ሚያዝያ ላይ ጾም ይዘሽ ነበር። ለተራበ ሰው ምን የማይከብድ አለ?»

ሳቅሁ። ሁሌም እንዲህ ነው፣ ጥያቄ ይዤ ገብቼ ሳቅ ይዤ እወጣለሁ። አባታችን ሲሞት ያሳደገኝ፣ ያስተማረኝ፣ የትራንዚተር ፈቃዴን እንዳወጣ የጎተጎተኝ እሱ ነው። እንዲያው ለነገሩ፣ ቻርጀሩን አንድ ጊዜም በእጁ አልነካውም። ሥራ በዝቶበት ነበር።

የቀረን የፍሪኩዌንሲው ፈቃድ ብቻ ነው፤ ሬድዮዎቹ የሚነጋገሩበት የአየር ድርሻ ማለት ነው። እሱ እስኪመጣ ሬድዮዎቹ መጋዘን ይቆያሉ።

ሰኔ 8፣ እሑድ

አላስቻለኝም። ትናንት አንድ ሬድዮ ከነቻርጀሩ ቤቴ አመጣሁ። ጋሼ ዋሂል ሄዶ ስለነበር አላስፈቀድኩትም፤ ሲመለስ እነግረዋለሁ።

ሰፈሬ ሳቢያን ከጠዋት ጀምሮ እንደ እሳት ነው፤ ሰው ሁሉ በሩን ገርበብ አድርጎ ጥላ ውስጥ ተኝቷል። እኔ ቻርጀሩን የብረት ትሪ ላይ አስቀምጬ ሰካሁትና አጠገቡ ዱካ ላይ ተቀመጥኩ። የሚያየኝ ሰው ቢኖር ድስት የምጠብቅ ይመስለው ነበር። መጀመሪያ ሞቀ። ይሁን፣ ቻርጀር ይሞቃል። ቆይቶ እጄን ማሳረፍ አቃተኝ። ከዚያ የተቃጠለ ጎማ የሚመስል ሽታ። እንደ ልማዱ መብራት ሄደ፤ ሲመለስ ጧ! አለና ጎኑ ተሰነጠቀ፣ ትሪው ላይ ጥቁር ቦታ ተወ። ጮኼአለሁ። ከጩኸቴ በኋላ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ የመጣብኝ ጉጉት ነው። ቢላ አምጥቼ ፈለቀቅሁት። ውስጡ ባዶ ቤት ነው ማለት ይቻላል፤ ሁለት ክር፣ ትንሽዬ ሰሌዳ፣ ሌላው አየር።

አንዱ ተበላሽቶ ይሆናል። ከሌሎቹ መሃል አንድ ብልሹ አይጠፋም።

ሰኔ 10

ሌላ አመጣሁ። ሁለተኛውም ያው።

ስምረት ጋ ደወልኩ። «የቻርጀር ፈተና እንዴት ነው የምታደርጉት?» አልኳት። ወይ ደስታዋ! ሥራዋን የሚጠይቃት ሰው የለም መሰለኝ። በጨርቅ ጠቅልለው ያሞቁታል አሉ፤ ሰው ቤት ውስጥ ትራስ ሥር እንደሚወሸቅ ያውቃሉ። መብራት ሲሄድና ሲመጣ የሚያደርገውን ሆን ብለው ያደርሱበታል። ከሚገባው በላይ ኃይል ይለቁበታል። አዲስ አበባ ቁጭ ብለው የእኛን ቤት መብራት ዓመል እንዴት አወቁት?

«የእናንተማ ጎበዝ ነበር» አለችኝ። «ውስጡ ደህና ትራንስፎርመር አለው፣ ንቅንቅ አላለም። ለምን ጠየቅሽኝ?»

«ለማወቅ ያህል።»

ለማወቅ ያህል! ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ። ቢሆንም ጥፋቱ የጅቡቲው ነጋዴ ሊሆን ይችላል። ጋሼን አታልሎት ይሆናል፤ ሰው ስለሚያምን በቀላሉ ይታለላል።

ሰኔ 17

አዴ ካልቱን ሬድዮው የሚሰቀልበትን ቦታ ላሳይሽ ብላ ቤቷ ወሰደችኝ። ቀፊራ ገበያ በርበሬና እርድ ስትሸጥ ነው የኖረችው፤ እጇም ድምጿም ያቃጥላል። ቤቷ ከወንዙ አፋፍ የማይርቅ ባለ አንድ ክፍል ነው፣ ግማሹ ጭቃ፣ ግማሹ ጣውላና ቆርቆሮ። መብራት መሰኪያው አልጋው ራስጌ ነው፤ ሌላ የለም። ከአልጋው ጀርባ መጋረጃ፣ ከመጋረጃው ወዲያ የልጅ ልጆቿ ፍራሽ።

«እዚህ ይሰካል፣ ሌሊቱን ሙሉ አይነቀልም» አለችኝ። «ወላሂ ፍቄ፣ ያንቺን ወንድም አላህ ይባርከው። የኛ ልጅ ነው፣ እዚሁ አሸዋ ላይ ኳስ ሲራገጥ ያደገ። ለዚህ ነው ለሱ የሰጠነው።»

መጋረጃውን በጣቴ ዳሰስኩት። ናይለን ነው።

«ምን ትዳስሺያለሽ? ልትገዢኝ ነው?»

«ቀለሙ አምሮኝ ነው» አልኳት። ውሸት እንዲህ ቶሎ ቶሎ ይመጣልኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ሰኔ 22፣ እሑድ

ጋሼ ቤት ምሳ ነበርን። ባለቤቱ ወይንሸት ሳህን ልታነሳ ወደ ጓዳ ስትገባ ሁለቱን የተፈለቀቁ ቻርጀሮች ከቦርሳዬ አውጥቼ ፊቱ አስቀመጥኩ። አልሳቀም፣ አልቀለደም። አያቸውና እጁን ታጠበ።

«የናሙናውን ቻርጀር እኔ ነኝ የቀየርኩት» አለኝ፣ «ጨው ጨምሬበታለሁ» እንደሚል ሰው። «ከከተማ ደህናውን ገዝቼ፣ ቅርፊቱን አመሳስዬ።»

«ለምን?»

«እንዴት ለምን? እንግዳ ሲመጣ የተሰነጠቀ ሳህን ታቀርቢያለሽ? ወይንሸትን ተመልከቻት፤ እነዚያን ባለ አበባ ሳህኖች መቼ ነው የምታወጣቸው? ልጅሽን ፈተና ስትልኪ አጥበሽ፣ አበጥረሽ አይደል? መንግሥት አንድ አሳዩኝ ሲል ያለሽን ደህናውን ታሳያለሽ። ደግሞ ማኅበሩ የሰጠን በጀት የሚበቃው ለዚህ ቻርጀር ብቻ ነው። ሌላ አስመጪ ቢሆን ሬድዮውንም አያገኙት።»

የሚገርመኝ፣ እያጭበረበረ ያለ ሰው አይመስልም ነበር። ቅር ያለው ጋባዥ ነው የሚመስለው። ወይንሸት ገብታ «ምንድነው ይሄ ቆሻሻ ገበታ ላይ?» ስትል ቻርጀሮቹን ወደ ቦርሳዬ መለስኳቸው። ቡናዬን ሳልጨርስ ወጣሁ።

ሰኔ 23

ለጋሼ የእንግዳ ምሳሌ መልሱ ዛሬ ባጃጅ ውስጥ መጣልኝ። እንግዳ በልቶ ይሄዳል፤ ስምረት ግን እንግዳ አይደለችም። ለልጆች የሚቀርበውን ወጥ ቀድማ የምትቀምስ ናት። ለቀማሿ ሌላ ድስት ከቀረበላት ምኑን ቀመሰችው?

ለጋሼ ይህን ልነግረው ቢሮ ስደርስ ሰው ይዞ ነበር። ከሰዓት ደግሞ እሱ አልገባም። ነገ።

ሰኔ 28

የፍሪኩዌንሲው ፈቃድ መጣ። ርክክቡ ሐምሌ 6 እሑድ። ድንኳን ይተከላል፣ ሰዎች ይጋበዛሉ።

ለጋሼ የቀማሿን ነገር ነገርኩት። «ለክረምቱ ይጠቀሙበት፣ ከመስከረም በኋላ ቀስ እያልኩ እቀይርላቸዋለሁ» አለ። እውነቱን ነው፣ ቃሉን ይጠብቃል። ግን ክረምቱስ?

ባጃጅ ውስጥ አንዲት ሴት ለጓደኛዋ፦ «ሬድዮው ሊሰጠን ነው አሉ። ዘንድሮ እንኳ ተኝተን እናድራለን።»

ተኝተን እናድራለን።

ሐምሌ 2

ሦስተኛ ቻርጀር ላይ እንደ መጋረጃው ያለ ናይለን ቁራጭ አድርጌ ሞከርኩ። ለምን እንደሞከርኩ አላውቅም፤ የሚሆነውን አውቀው ነበር። ውሃ በትልቅ ባልዲ አዘጋጅቼ፣ ግቢ ውስጥ፣ ሲሚንቶው ላይ። ናይለኑ ለመያያዝ አላስጠበቀኝም።

ባልዲውን ደፍቼበት እዚያው ቆሜ ለስምረት ደወልኩ።

«ናሙናውና ጭነቱ አንድ አይደሉም» አልኳት።

«ማን ቀየረው?» አላለችኝም። «ለሰው ተከፋፍሏል?» ነው ያለችው። አልተከፋፈለም ስላት ስትተነፍስ ሰማሁ። «ነገውኑ ማገጃ እንልካለን። ማን እንደነገረን የግድ መጻፍ የለብንም» አለች።

«ጻፉ» አልኩ። ጋሼ ሌላ ሰው እንዲጠረጥር አልፈለግሁም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ የተቃጠለውን ናይለን ከሲሚንቶው ላይ ለቅሜ አስቀመጥኩት።

ሐምሌ 4

ማገጃው መጣ። ቻርጀሮቹ ተመልሰው በሌላ ይተካሉ፣ አዲስ ናሙና ይፈተሻል፤ እስከዚያ አንድም ሬድዮ ከመጋዘን አይወጣም። ናሙናውን አስመጪው አይመርጥም፤ ባለሙያ መጥቶ ከጭነቱ መሃል ይወስዳል። የጋሼ የማስመጣት ፈቃድም ይታያል ተብሏል።

ጋሼ አነበበው። አጠፈው። ወደ እኔ ሳያይ፦

«ወይዘሮ ፍቅርአዲስ፣ የመጋዘኑን ቁልፍ ያስቀምጡና ይሂዱ።»

እዚህ አገር ሽማግሌውንም ባለሥልጣኑንም አንተ እያልን ነው ያደግነው። እርስዎ የሚባለው ባዕድ ነው። ቢሰድበኝ፣ ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ቁልፉን አስቀመጥኩ።

ሐምሌ 6፣ እሑድ

ዛሬ ድንኳኑ ሊተከል የነበረበት ቀን ነው። አዴ ካልቱን ቤቴ ድረስ መጣች፣ ሻሿ አንገቷ ላይ ወርዶ፣ ቁጣዋ ቀድሟት።

«አንቺ ነሽ አሉ ያገድሽብን!»

አስቀመጥኳት። ሁሉንም ነገርኳት፤ የጋሼን ሳይቀር። የተቃጠለውን ናይለን አምጥቼ እጇ ላይ አደረግሁላት። አገላበጠችው።

«ሬድዮውን ብቻ ስጡን፣ ቻርጀሩ ይቅርብን።»

«ፈቃዱ ለሁለቱም አንድ ላይ ነው አዴ። ደግሞ ሳይሞላ ስንት ቀን ይሠራል?»

«አቦ፣ ታዲያ ምን እያልሽኝ ነው? እሳት ይሻልሻል ውሃ፣ ምረጪ?»

ናይለኑን እጇ ላይ እንደያዘች ሄደች። ልክ ሠርቻለሁ ብዬ መጻፍ አማረኝ። ልጻፈው ወይ? ብጽፈውስ ክረምቱ ያነበዋል?

ሐምሌ 12

ቤት መዋል አልለመድኩም። ሬድዮ ስለሚባል ነገር ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ እውላለሁ። ድምፅ ተራራ ሲያጋጥመው እንደ ሰው ዞሮ ለማለፍ ይሞክራል፣ አንዳንዱ ይችላል፣ አንዳንዱ አይችልም። ደንገጎ ላይ አንድ ረዥም አንቴና ቢቆም እስከ ቀፊራ ይሰማ ይሆን? ይህን የምጠይቀው ጋሼን ነበር።

ከሰዓት ሁሉ ወደ ተራራው አያለሁ። ደመና ካለ ንባቤን ትቼ ደጅ እቆማለሁ።

ሐምሌ 20፣ እሑድ

ትናንት የሆነው ነው።

ለገብርኤል ግማሹ ሰው ቁልቢ ነበር። እኔ ግን ከቀሩት ነኝ፤ ቀፊራ ሽንኩርት እየመረጥኩ ነበር፣ ከሰዓት በኋላ። እዚህ ጠብታ የለም፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። በድንገት ስልኮች ሁሉ ዝም አሉ። አንድ ነጋዴ ስልኩን እያራገፈ «ነፈሰበት» አለ፣ ሰው ሳቀ።

ከዚያ የመኪና ጥሩምባ ሰማሁ። የሚያቋርጥ አይደለም፤ ያለማቋረጥ፣ ጎርናና፣ ጉንፋን የያዘው። ያን ጥሩምባ ከሺህ እለየዋለሁ። የጋሼ ፒክአፕ ነው። ከቁልቢ ሲመለስ ደንገጎ ላይ ሰማዩ ጠቁሮ፣ ውሃው ገደሉን ይዞ ሲወርድ አይቶ ቀድሞት ነው የመጣው። ወንዙ ዳር ያለውን መንገድ ከላይ እስከ ታች እየነፋ ሄደበት፣ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ውጡ! ውጡ!» እያለ። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ።

ሽንኩርቱን ጥዬ ሮጥኩ። ስደርስ ሰው ፍራሽና ልጅ ተሸክሞ ሽቅብ ይወጣል። ቀጥሎ ውሃው መጣ፣ ቡናማ፣ ቅርንጫፍና ጎማ እያንከባለለ። አዴ ካልቱን አፋፉ ላይ ቆማ የልጅ ልጆቿን አናት በእጇ እየነካች ትቆጥራለች፣ ትጨርስና እንደገና ትጀምራለች። የማድ ቤቷ ግድግዳ ዓይናችን እያየ ሄደ።

ሰው አልሞተም። ይህን አሁንም ደግሜ እጽፈዋለሁ፣ ሰው አልሞተም። ግን ሬድዮዎቹ ተቆልፈውባቸው ነበር፣ ያስቆለፍኩባቸውም እኔ ነኝ። አዴ ካልቱን አየችኝ። አልሰደበችኝም።

«ዛሬ ጥሩምባ ደረሰልን» አለች። «ነገስ?»

ሐምሌ 23

በሬ ተንኳኳ። ጋሼ ነው። ድምፁ ጨርሶ ጠፍቷል፣ ሲናገር ቅጠል የሚንኮሻኮሽ ይመስላል።

«አንቺ፣ ውሃ ስጪኝ።»

አንቺ አለኝ! ወደ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ፣ ከዚያ ውሃውን አመጣሁ። ጠጣ። ብርጭቆውን እያዞረ፦

«ጥሩምባውን የሰሙት መንገድ ዳር ያሉት ናቸው። ውስጥ ለውስጥ ያሉትን ሰው በእግሩ ሮጦ ነው ያስወጣቸው። አንድ ሽማግሌ በሩ ላይ ቆሞ ‹ሬድዮው ነው የነገረህ?› አለኝ። ምን ልበለው?»

ጥያቄ ያላቀረብኩበት ቀን ይህ ሳይሆን አይቀርም።

«ቁልቢ ባልሄድስ? ቆሜ ምሳ ብበላስ?» አለ። ጥያቄዎቼን ሁሉ እሱ ወሰዳቸው። ከዚያ ቆጣ ብሎ፦ «ቢሆንም ለእኔ ሳትነግሪኝ መደወል አልነበረብሽም።» ቻርጀሩ እንደማይሆን ነግሬው ነበር። ሁለት ጊዜ። ያን ግን አላነሳሁበትም።

ሲነሳ ነው ዋናውን የተናገረው። ቻርጀሮቹን በሙሉ መልሷቸዋል፤ ደህናዎቹ ከጅቡቲ ተጭነዋል፣ ልዩነቱን ከራሱ። «ለዚያች ኢንጂነር ደውዪላት፣ እንደደረሰ መጥተው ይምረጡ። ቁልፉንም መጥተሽ ውሰጂ።»

ነሐሴ 8

አዲሶቹ ቻርጀሮች ገቡ፣ ስምረትም መጣች። ከሚቀጥለው ጎርፍ በፊት ውጤቱን ለማድረስ የምትችለውን እንደምታደርግ ነግራኛለች፤ ደንገጎ ላይ ግን ከትናንት ጀምሮ ደመና አለ። ማኅበሩን ወክላ አዴ ካልቱን ለምስክርነት ተገኝታለች። የጋሼ መጋዘን ውስጥ ካርቶኖቹ እስከ ጣሪያው ድረስ ተደርድረዋል፣ ሙቀቱ ያፍናል።

ስምረት እጅጌዋን ሰብስባ ወደ ካርቶኖቹ ስትጠጋ ጋሼ ከአፉ አመለጠው፦ «ይቺኛዋ ንጹሕ ናት፣ ይቺን...»

አዴ ካልቱን በከዘራዋ መሬቱን መታች። «ወሪያ ዘርዓብሩክ! አንተ ዞር በል። ዓይንህ ራሱ ይመርጣል።»

ይቆጣል ብዬ ፈራሁ። ገና ዛሬ ባያት ሴት ፊት፣ በገዛ መጋዘኑ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው። ጋሼ ግን አንዴ አየንና ዞረ። ግድግዳውን ፊት ለፊት አድርጎ፣ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ፣ ድብብቆሽ እንደሚጫወት ልጅ። ሸሚዙ ጀርባው ላይ በላብ ተጣብቆ ነበር። እንደዚያች ሰዓት ወድጄው አላውቅም።

ስምረት አንዱን አነሳች፣ ተወችው። ጎንበስ አለች። ካርቶን እየተንሸራተተ፣ ሌላው እየተነሳ፣ ብዙ ድምፅ ተሰማ። ጋሼ ግድግዳው ላይ እንዳፈጠጠ፦

«ፍቄ፣ መረጠች?»

«መርጣለች።»

«ከላይ ነው ከታች?»

«ከታች፣ ከጥጉ» አልኩት።

«ደግ» አለ፣ ግን እስክትጨርስ ድረስ አልዞረም።